ስፍራ የድምፅ ጌጥ አይደለም

ድምፅ ያለ ስፍራ አይሰማም። ከበሮ ሲመታ፣ ተዋናይ ሲናገር፣ አድማጭ የሚሰማው ምን እንደተባለ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደራቀ፣ በምን ዐይነት አዳራሽ ውስጥ እንዳስተጋባ አብሮ ይሰማል። ይህ የማይካድ ሆኖ ሳለ፣ በድምፅ ቀረፃ ዙሪያ ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ሥር ሰደው ይገኛሉ። አንደኛው፣ «ዋናው ዜማውና ቃሉ ነው፤ ስፍራ ትርፍ ነገር ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ስፒከር በተደረደረ ቁጥር ስፍራ የሚፈጠር የሚመስለው ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። ስፍራን የሥራው አካል ሳይሆን ኋላ የሚለጠፍ ጌጥ ያደርጉታል።

የመጀመሪያውን አስተሳሰብ የሰው ጆሮ ራሱ ይሽረዋል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ለቀኝ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ቢበዛ ከሰኮንድ አንድ ሺሕኛ በታች ቢሆንም አእምሮ ይለየዋል። ቀጭን ድምፅ ሲሆን ደግሞ ራስ ስለሚጋርደው በግራ ጆሮ ደከም ብሎ ይሰማል። ከላይና ከታች የሚመጣውን ለመለየት የጆሮ ቅጠል እጥፋቶች ያግዛሉ። አድማጭ ይህን ሁሉ ይዞ ነው ወደ ትርዒቱ የሚመጣው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ይህን ጠንቅቆ ተረድቶ ነበር። ተዋናዩ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲራመድ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አለማለቱ መፍትሔ የሚሻ ችግር መሆኑን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ካቀረባቸው ዘዴዎች አንዱ ከፊትና ከኋላ እየሰሙ ከጎን የማይሰሙ ሁለት ማይክሮፎኖችን በአንድ ነጥብ ላይ፣ በ90 ዲግሪ አቆላልፎ ማቆም ነው። በ1934 ቶማስ ቢቻም በለንደኑ አቢይ ሮድ ስቱዲዮ የሞዛርትን ሲምፎኒ ሲያስለምድ በስቴሪዮ ተቀርፆአል። የስቴሪዮ ሸክላ በገበያ የተስፋፋው ግን ከ1958 ጀምሮ፣ ፈልሳፊው በ1942 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ዕውቀቱ ቀድሞ ነበር፤ የዘገየው ገበያው ነው።

ሁለተኛው አስተሳሰብ የተፈተነው በ1970ዎቹ በኳድራፎኒክ ነው። አራት ስፒከሮች በክፍሉ አራት ማዕዘን ቆሙ፤ «ሙዚቃ በዙሪያዎ» ተብሎ ተለፈፈ። ኩባንያዎቹ ግን በአንድ ሥርዓት አልተስማሙም። ኤስኪው፣ ኪውኤስና ሲዲ-4 የሚባሉት እርስ በርስ የማይግባቡ ሆኑ። ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አራቱን ቻናል በሁለት ጨፍልቀው ያስቀምጡ ስለነበር፣ መልሶ በጥራት መለየት አልተቻለም። ከጎን ሊመጣ የሚገባው ድምፅም አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ገበያው ተዘጋ። ስፒከሩ በዛ፤ ስፍራው ግን አልተገኘም። ምክንያቱም «በዚያ ነጥብ ላይ ድምፅ ከየአቅጣጫው እንዴት ይደርሳል?» ተብሎ ከመነሻው አልተጠየቀም።

ጥያቄውን በትክክል ያነሡት በዚያው ዘመን የኦክስፎርዱ የሒሳብ ሰው ማይክል ገርዘንና ባልደረባው ፒተር ክሬቨን ነበሩ። ሳውንድፊልድ የተባለው ማይክሮፎናቸው አራት ድምፅ ተቀባይ ካፕሱሎችን በባለ አራት ገጽ ፒራሚድ ቅርጽ አቀራርቦ ይይዛል። ከአራቱም አራት ምልክቶች ይቀመራሉ። አንዱ የድምፁን አጠቃላይ ግፊት፣ ሦስቱ የፊትና ኋላን፣ የግራና ቀኝን፣ የላይና ታችን ልዩነት ይይዛሉ። ካፕሱሎቹ በፍጹም አንድ ነጥብ ላይ ሊቀመጡ ስለማይችሉ የሚፈጠረው ጉድለት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይታረማል። ቀረፃው ለተወሰነ የስፒከር ብዛት አልታሰረም፤ ለሁለትም ለስምንትም ይፈታል። አምቢሶኒክስ የተባለው ይህ ዘዴ በወቅቱ ገበያ አላገኘም። ገርዘን በ1996 ሞተ፤ ዩቲዩብ ዘዴውን ለ360 ዲግሪ ቪዲዮ የተቀበለው በ2016 ነው። የብሉምላይን ታሪክ ተደገመ።

ዘዴው እንከን የለውም ማለት አይደለም። በአራት ምልክት ብቻ የተያዘ ስፍራ ጠርዙ ደብዛዛ ነው፤ በስፒከር ሲደመጥም በትክክል የሚሰማበት ቦታ ጠባብ ነው። ሆኖም በስፍራው የነበረውን ለመያዝ ይጥራል። ዛሬ የተስፋፉት፣ ከድሮ የስቴሪዮ ቀረፃ «የዙሪያ ድምፅ» የሚያወጡ ፕሮግራሞች ግን ያልነበረ አዳራሽ ይፈጥራሉ። ለመዝናኛ ቢሆን ይሁን፤ እንደ ቅርስ ማስረጃ ሲቀርብ ግን ሐሰት ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር መሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማኅሌት ደብተራዎች በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀባበላሉ። ዜማው የሚመላለሰው በመካከላቸው ባለው ክፍት ስፍራ ነው። የዶርዜም መዝሙር በብዙ ድምፅ የሚሸመን ነው። ይህን በአንድ ማይክሮፎን፣ በአንድ ቻናል የቀረፀ ሰው ዜማውን ይዞ ቅብብሉን ጥሏል። ግራው ከቀኙ የት ላይ እንደተረከበ ከዚያ ካሴት የሚያወጣ ተማሪ አይገኝም።

ስለዚህ ለባህል ቀረፃ የሚወጣ ሰው፣ ማይክሮፎኑን ከመትከሉ በፊት ማን ከማን ፊት ለፊት እንደቆመ ይጠይቅ። የቆሙበትን ሥርዓት በወረቀት ይሣል። ሁለት ማይክሮፎን ካለው እንደ ብሉምላይን ያቆላልፍ፤ አራት ካፕሱል ካገኘ ከመካከላቸው ይቁም። ስፒከር በማንኛውም ጊዜ ይገዛል። ያረፈ መሪጌታ ግን ተመልሶ ከወንድሞቹ ፊት ለፊት አይቆምም።