የባሕር ዳር ስጦታ ለማን ምን ይሁን?

የሴሚስተር ዕረፍት ሲደርስ ከመካከላችን ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ብቅ የሚል አይጠፋም። ዕድል የቀናው ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ባቡር ዘመድ ጥየቃ ጂቡቲ ይወርዳል። ሲመለስ "ምን አመጣህልን?" የማይለው የለም። ብዙ ሰው ታዲያ አንድ ዓይነት ዕቃ በደርዘን ይገዛና ከሕፃን እስከ አያት ያድላል። በእኔ አስተያየት ይህ ዕዳ መክፈል እንጂ ስጦታ አይደለም። ስጦታ ዕድሜን ማየት አለበት።

ከሕፃናት እንጀምር። ትንንሽ ዛጎል ያምራል፤ ነገር ግን ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከት ሊያንቀው ይችላል። ለእሱ የፕላስቲክ ባልዲና አካፋ ይሻላል። ባሕር ባይኖርም በየሰፈሩ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ መች ጠፋና!

ለእኛ ዕድሜ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ የመሰለ ነገር የለም። ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ ጨረር ይጠነክራል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስላለች ባርኔጣው እዚህም ሥራ አይፈታም። ለእናት ስስ ድሪያ ቢመጣላት ቤት ውስጥ ትለብሰዋለች፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጌጥ በስንት ጣዕሙ!

ዋናው ቁም ነገር ያለው አረጋውያን ጋ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን እስካወጀች ድረስ ምጽዋና አሰብ የኢትዮጵያ ወደቦች ነበሩ። በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ አሰብ ወደብ ላይ ጉልበታቸውን ያፈሰሱ አባቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ። ለእነሱ ባሕር መዝናኛ ብቻ አይደለም፣ የወጣትነት ዘመናቸው ነው። የቀይ ባሕርን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ መስጠትና ቁጭ ብሎ ወሬያቸውን መስማት ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። ሆኖም አስቀድሞ ቤተሰብን መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1982 ዓ.ም. በምጽዋው ውጊያ ልጃቸውን ላጡ ወላጅ ያው ፎቶ ቁስል ሊቀሰቅስ ይችላል። ሁለቱም አረጋውያን ናቸው፣ ስጦታው ግን አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ ያሳለፉትንም ማወቅ ይገባል።

በመጨረሻ፣ ለማንም ይሁን ለማን መምጣት የሌለበት ነገር አለ። የባሕር ኤሊ ቅርፊት ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይተስ በሚባለው ስምምነት የተከለከለ ነው። ዳር ላይ የወደቀው ባዶ ዛጎልም ቢሆን ትርፍ አይደለም፤ የራሱ ልባስ የሌለው የሸርጣን ዓይነት ገብቶ ይኖርበታል። ጓደኛን ለማስደሰት የሌላውን ቤት ማፍረስ ምን ይባላል?

እስኪ በሚቀጥለው ዕረፍት ሻንጣ ከማዘጋጀታችን በፊት የሰዎቹን ስም በወረቀት ላይ እንጻፍ፤ ከየስሙ ጎንም ዕድሜያቸውንና የሚወዱትን። ገንዘባችን የተማሪ ገንዘብ ነው፤ ያለ ሐሳብ ባይወጣ ጥሩ ነው። መልካም ዕረፍት!