ጥርት ያለ ምስል ሁሉ ታማኝ ምስል አይደለም፦ ቪዲዮ ፕሮሰሰሮች በቆዩ የጌም ኮንሶሎች ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ የቪዲዮ ጌም ኮንሶሎችን ከዘመኑ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ጋር ለማገናኘት፣ በመካከላቸው ቪዲዮ ፕሮሰሰር ማስገባት የተለመደ ሆኗል። የጃፓኑ ፍሬምማይስተር፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነው ኦኤስኤስሲ እና ሬትሮቲንክ 4ኬ ከታወቁት መካከል ናቸው። መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት በሚያወጡት ምስል ጥራት ነው። ኮንሶሎቹ ለታሪክ ጥናትና ለቅርስ ጥበቃ ሲውሉ ግን ይህ መለኪያ አይበቃም። ምስልን ማሳደግ የትርጓሜ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ተመራማሪው የመረጠውን ትርጓሜ በጽሑፉ ውስጥ ማሳወቅ ይኖርበታል።

የመሣሪያው አስፈላጊነት አያጠያይቅም። በሰሜን አሜሪካና በጃፓን ይሠራበት የነበረው የቴሌቪዥን ሥርዓት ኢ-ተጋማሽና ተጋማሽ መስመሮችን እያፈራረቀ ያሳይ ነበር። እንደ ሱፐር ኒንቴንዶ ያሉ ኮንሶሎች ግን ብዙውን ጊዜ መስመሮቹን ሳያፈራርቁ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል እዚያው ቦታ ላይ ይስሉ ነበር፤ ይህ ሲግናል ዛሬ 240ፒ ይባላል። ብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ይህን ሲግናል በፍርርቅ እንደተላከ ቆጥረው ያልጎደለውን ለመሙላት ሲሞክሩ ምስሉን ያበላሹታል። ተመትቶ ብልጭ ድርግም የሚል ገጸ ባሕርይ ጨርሶ ሊጠፋ ወይም ተሸንትሮ ሊታይ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ሲግናሉን በትክክል ለይቶ ይህን ስሕተት ያስቀራል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ሁሉ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ የመጠን ነው። 240 መስመር በ9 ሲባዛ ልክ 2160 ስለሚሆን በ4ኬ ስክሪን ላይ መስመሮቹ እኩል ውፍረት ያገኛሉ። በ1080 መስመር ስክሪን ላይ ግን ብዜቱ 4.5 ነውና ወይ ጠርዙ ይቆረጣል፣ ወይ ዙሪያው ባዶ ይቀራል፣ ወይ መስመሮቹ ይበላለጣሉ። ሁለተኛው የቅርጽ ምርጫ ነው። የሱፐር ኒንቴንዶ 256 በ224 ፒክስል ምስል በ4 ለ 3 ቴሌቪዥን ላይ ወደ ጎን ተለጥጦ ይታይ ነበር፤ እያንዳንዱ ፒክስል እኩል ጎን ይኑረው ሲባል ምስሉ ይጠባል። ሦስተኛው ምርጫ የጊዜ ነው። ይኸው ኮንሶል በሰከንድ 60.1 ያህል ምስል ያወጣል፤ ስክሪኑ በ60 ከተወሰነ በየ10 ሰከንዱ ገደማ አንድ ምስል መጣል ግድ ይሆናል። አንድን ሙሉ ምስል ይዞ የሚያቆይ ፕሮሰሰርም 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ መዘግየት ይጨምራል። የተጫዋቾችን የምላሽ ፍጥነት ለሚለካ ጥናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጥራት ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ለሜጋ ድራይቭ የወጣው ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ ፏፏቴዎቹን የሚስለው በተከታታይ ቋሚ ሰረዞች ነው። በኮምፖዚት ገመድ ሰረዞቹ ይዋሐዱና ውኃው ብርሃን አሳላፊ ይመስላል። ጥርት ባለ ምስል ግን ውኃው ቀርቶ ሰረዙ ብቻ ይታያል።

ከዚህ ተነሥቶ ደብዛዛው ምስል ብቻ ትክክለኛ ነው ማለትም አይቻልም። በአውሮፓ ስካርት በተባለው መሰኪያ አማካይነት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማትን ለየብቻ የሚያደርስ ጥርት ያለ ሲግናል በቤት ውስጥ ማግኘት ይቻል ነበር። የፒክስል አሣሣልን ለሚያጠናም ንጹሑ ምስል የግድ ያስፈልጋል። ባለ ካቶድ ጨረር ቱቦ ቴሌቪዥኖች እያረጁ በሄዱ መጠን ደግሞ ፕሮሰሰሩ ብቸኛው አማራጭ እየሆነ ይሄዳል። አንድ ወጥ “የመጀመሪያ መልክ” አልነበረም፤ የነበሩት በገመድ፣ በአገርና በቴሌቪዥን የሚለያዩ ብዙ መልኮች ናቸው።

መፍትሔው ከአንዱ መልክ ጋር መወገን ሳይሆን መንገዱን መዝግቦ ማቆየት ነው። የጌም ምስል በማስረጃነት የሚቀርብበት ማንኛውም ጥናት የኮንሶሉን ሞዴል፣ የገመዱን ዓይነት፣ የፕሮሰሰሩን ስምና የሶፍትዌሩን ስሪት፣ እንዲሁም የመጠን፣ የቅርጽና የጊዜ ምርጫዎቹን ሊዘረዝር ይገባል። የጥናት ዘዴ ክፍል ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ነው። ይህ ካልተደረገ የነገው አንባቢ የፕሮሰሰሩን ሥራ የሠዓሊው ሥራ አድርጎ ይወስደዋል፤ ስሕተቱንም የሚያርምበት ማስረጃ አያገኝም።