የብየዳ ማለስለስ ሥራና የወገኖቻችን ጤና

ዓረቦቹ ሰናዒያ የሚሉትን፣ ከዶሃ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘውን የኢንዱስትሪ ሠፈር የማያውቅ የማኅበራችን አባል ጥቂት ነው። እዚያ ባሉት የብረታ ብረት ወርክሾፖች ኢትዮጵያውያን ከእስያ አገሮች ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸሩ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው። ሆኖም እኛ የሕክምና ተማሪዎች ዓርብ ዓርብ ስናገኛቸው የምንሰማው ሳል አነስተኛ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ብየዳውን ሳይሆን ከብየዳው በኋላ ያለውን፣ ማንም እንደ ሙያ የማይቆጥረውን ማለስለስ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ተበይዶ ስፌቱ ሲያብጥ፣ ግራይንደሩ ለጀማሪው ይሰጥና «ላጠው» ይባላል። በበኩላችን ይህ አሠራር ላሜራውንም ሰውየውንም ያበላሻል እንላለን።

የማይዝግ ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከተራው ብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሲሞቅ የሚለጠጠው ግን በግማሽ ያህል ይበልጣል። ስለሆነም ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፤ ላሜራው ይጠቁራል፣ ይጣመማል፣ ከስፌቱ ዳር ሳስቶም ይበሳል። አዋቂዎቹ ጠንካራውን ዲስክ ትተው የብርጭቆ ወረቀት የተደራረበበትን ያነሳሉ፤ ሳይጫኑ፣ ስፌቱን እየተከተሉ፣ ብረቱን እያሳረፉ ይሠራሉ። ተራ ብረት የነካ ዲስክም ለማይዝገው አይጠቀሙም፤ የቀረው ብናኝ ኋላ ይዝጋልና። ከሁሉ በላይ ግን ሥራው ቀድሞ እንደሚጀመር ያውቃሉ። ይኸውም ላሜራው ያለ ክፍተት ከተጋጠመና ኤሌክትሪኩ ከተመጠነ ስፌቱ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ይወጣል። የሚላጠው ባነሰ ቁጥር ደግሞ የሚተነፈሰው ብናኝ ያንሳል።

ብናኙ ክሮሚየምና ኒኬል አለበት። ከእርሱ በፊት የሚመጣው የብየዳ ጭስ የባሰ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ነቀርሳ እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ውስጥ፣ በአንደኛው ምድብ፣ መድቦታል። ጆሮም አለ። ቀጭን ላሜራ ሲላጥ እንደ ከበሮ ስለሚያስተጋባ 100 ዴሲቤል መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት መሥራትን የሚፈቅደው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ስሌት፣ በ100 ዴሲቤል የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እስከ ሰናዒያ ድረስ «ወተት ከጠጣህበት ያጥብልሃል» የሚል እምነት አለ። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን የሚወርደው ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። ለሠራተኛው በጭምብል ፋንታ ወተት የሚያድል አሠሪ ግዴታውን አልተወጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኳታር የሥራ ሕግ ቁጥር 14 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ዋጋውንም ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ይህን የሚያውቅ ወገን እስካሁን ያገኘነው በጣት የሚቆጠር ነው።

ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ «ለእጅ ባለሙያ ሙያውን ማስተማር የተማሪ ድፍረት ነው» ይላሉ። ስለ ዲስኩ ከላይ የጻፍነውን የተማርነው ከእነርሱ መሆኑን ግን ይዘነጋሉ። ሳንባው ወዴት እንደሚከፈት፣ ዓይን ላይ ያደረ የብረት ፍንጣሪ ብሌን ላይ ዝገት እንደሚተው፣ የወረቀት ጫፍም ማውጫው አለመሆኑን መናገር ግን የእኛ ድርሻ ነው። ሌሎች ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ጭምብል አይቻልም ይላሉ። እውነት ነው፣ ይከብዳል፤ እረፍቱ መብዛትና መሳቢያ ማራገቢያው መጠገን ያለበትም ለዚህ ነው።

ስለሆነም ማኅበራችን ለዘንድሮው የበዓል ዝግጅት ከሚያወጣው ገንዘብ ላይ ቀንሶ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አንዲት ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ እንዲያሳትም እንጠይቃለን። ጽሑፉን እኛ እናዘጋጃለን፤ ዓርብ ዓርብም ይዘነው እንሄዳለን። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ወተቱ ይሁን።