«አፉን እስኪፈታ» መጠበቅ፦ ንግግር የሌላቸው ሕፃናትና የመግባባት መብት

አንድ ልጅ በወቅቱ አፉን ሳይፈታ ሲቀር ዘመድ አዝማድ «ታገሡ፣ ይናገራል» ይላል። ምክሩ ከርኅራኄ ቢመነጭም፣ ልጁ ራበኝ፣ አመመኝ ወይም አልፈልግም የሚልበት መንገድ ሳያገኝ ዓመታት ያልፋሉ። መግባባት ግን ንግግርን መጠበቅ የለበትም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 2 ለተግባቦት የሰጠው ትርጉም አማራጭና አጋዥ ዘዴዎችንም ያካትታል። ስለዚህ ሥዕል በመጠቆም «አዎ» ወይም «አይደለም» ያለ ተማሪ መልስ ሰጥቷል።

ወላጆችንና መምህራንን የሚያሳስበው «መጠቆም ከለመደ መናገሩን ይተዋል» የሚለው ስጋት ነው። ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት የጥናቶች ቅኝት ይህን ስጋት አይደግፍም። የተሻለ ማስረጃ ከተገኘባቸው 27 ተሳታፊዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልነበረም፤ 89 በመቶዎቹ መሻሻል አሳይተዋል። መሻሻሉ በአብዛኛው መጠነኛ ስለነበር ዘዴው ንግግርን ለማምጣት ዋስትና አይሆንም፤ ሆኖም ለመጠበቅ የሚቀርበውን ዋና ምክንያት ያፈርሳል።

በአገራችንም መነሻ የሚሆን ልምድ አለ። የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ የኦቲዝም ተጠቂ ልጃቸውን ከማሳደግ በመነሣት በአማርኛ ፊደላት ድምፅ ላይ የተመሠረተውን «አቡጊዳ ፎነቲክስ» አዘጋጅተዋል። የዘዴው ትምህርት ልጁ ከሚያውቀው ቋንቋ መነሣት ነው። በአርሲ ዞን ጀጁ ወረዳ በምትገኘው አርቦዬ ግን የብዙ ቤተሰቦች ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ ጽሕፈቱም በቁቤ ነው። እናቱ ውኃን «ቢሻን» እያለች ለምታሳድገው ልጅ የአማርኛ ሰሌዳ ማቅረብ ሁለተኛ አጥር ማቆም ይሆናል።

የአርቦዬ መምህር ከወላጆች ጋር ሆኖ በካርቶን ላይ የውኃ፣ የምግብ፣ የሕመምና የእምቢታ ሥዕሎችን ማዘጋጀት ይችላል። ሰሌዳው ግን ሁልጊዜ ከልጁ እጅ አይራቅ፤ ቤተሰቡም እየተናገረ ይጠቁምበት፤ ሲማር ብቻ ወጥቶ የሚከደን ሰሌዳ አንደበት አይሆንም። የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ድርሻ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎችን ከቤተሰቦች ጋር በአካባቢው ቋንቋ ማዘጋጀትና ውጤታቸውን መለካት ነው። መለኪያውም ልጁ ስንት ቃል ተናገረ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ሐሳቡን አስረዳ፣ ስንት ጊዜስ ተሰማ የሚለው መሆን ይገባዋል።