በረዶ አያስፈልገንም፤ ጎባ ትበቃናለች

ነገሩ የተጀመረው ጎባ ውስጥ ነው፤ ምሽት ላይ፣ ጋቢ ደርበን ሻይ ስንጠጣ። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣ ወዳጃችን ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየን። ኬንያውያን ናቸው። ምላጭ የመሰለ ብረት ከሥሩ የተገጠመለት ጫማ አድርገው፣ ጫፉ የጎበጠ ዱላ ይዘው በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። «አይስ ላየንስ» ይባላሉ፤ የበረዶ አንበሶች መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የካናዳ ቡና ቤት ድርጅት ካናዳ ድረስ ወስዷቸው፣ ሲድኒ ክሮዝቢ የሚባለው የዓለም ኮከብ መለያቸውን ለብሶ አብሯቸው ተጫውቷል።

«እኛስ?» አለ ወዳጃችን። «ኬንያ ሆቴል ውስጥ በመብራት በረዶ አጋግራ ቡድን ካቋቋመች፣ እኛ ሳነቴ ላይ እግዜር በነፃ የሚሰጠን በረዶ እያለ ምን ሆነን ነው?»

ሳቅን። ሳነቴን የምናውቀው እኛ ነን። ከጎባ ወደ ደሎ መና ስትወጡ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያየው አምባ ነው። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ኩሬ ዳር የምትጋገረው ስስ በረዶ ግን ፀሐይ ስትመታት ወዲያው የለችም። እዚያ ቡድን ቢቋቋም ደጋፊው ቀይ ቀበሮ ብቻ ነው። (ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ቀበሮዎቹን ማስፈቀድም ሳይኖርብን አይቀርም።)

ኢትዮጵያዊ በበረዶ ስፖርት አይሞክርም ማለታችን አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በበረዶ ሸርተቴ አገራችንን ወክሏል። ስሙ ለሮቤ ስለሚቀርብ እኛ ሮቤዎች በግማሽ የኛ አድርገነዋል። ግን ሮቤል ብቻውን ነበር የሄደው። አንድ ሰው በግል ጥረቱ ኦሊምፒክ ሊደርስ ይችላል። ቡድን ግን የሌላ ነገር ልጅ ነው።

ሳቃችን ሲያልቅ ተናደድን። ይህን ጽሑፍ የወለደውም ያ ንዴት ነው።

ወዳጃችን ያደነቀውን ነገር እስቲ ልብሱን አውልቀን እንየው። ጫፉ የጎበጠ ዱላ፣ የምትመታ ትንሽ ነገር፣ ሁለት ጎራ፣ ግፊያ፣ ጩኸት። ይኼ ገና አይደለም እንዴ? ዱላውም ገና፣ ጨዋታውም ገና፣ በዓሉም ገና! ከእንጨት የተጠረበችው ሩር ትጣላለች፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይተራመሳል፤ ሩሯን ወደ ባላንጣው ወሰን የነዳ ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ቀኑን ሙሉ በግጥም ሲወረፍ ይውላል። በዚያች ቀን ባለሥልጣኑም ጌታውም ቢወረፍ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዛል። ኦሮሞው ዘንድም ቂሌ የሚባል የዚሁ ዘመድ የሆነ ጨዋታ አለ። አባቶቻችን ያለ በረዶ የጨረሱትን ነገር እኛ በረዶ ፍለጋ ሳነቴ ልንወጣ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ገባኝ፣ ወጣቱ አርሴናልና ማንቸስተር እያለ ባህሉን ረሳ ልትሉ ነው» ብሎ ሊያዛጋ ይችላል። አንልም። ያ ስብከት ሰልችቶናል። ገናን የገደለው አርሴናል አይደለም። ገናን እየገደሉት ያሉት የሚንከባከቡት ሰዎች ናቸው።

ምን ለማለት ነው? ጋዜጠኝነት ተምረን በወጣን ሰሞን ከእኛ አንዷ ለአንድ ጣቢያ ስለ ገና ጨዋታ ዘገባ ላቅርብ ብላ ጠየቀች። ወሩ መጋቢት ነበር። አዘጋጁ ፈገግ ብለው «የኔ ልጅ፣ እሱን ለታኅሣሥ 28 አስቀምጪው» አሏት። አስቀመጠችው። ታኅሣሥ 28 ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ተሰጣት፤ አንዷን ደቂቃ የዶሮ ዋጋ በላት። እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም፤ ገናን ይወዱታል። የሚወዱት ግን ቡና ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አገልግልን በሚወዱበት መንገድ ነው። አገልግሉ ውስጥ ምሳ የለበትም።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን በበኩሉ በክልሎች መካከል የባህል ስፖርቶች ውድድር ያካሂዳል፤ ገናም ከትግሉ፣ ከቀስቱ፣ ከገበጣው ጋር ይካተታል። ሕግ ተጽፎለታል፣ ዳኛ ተመድቦለታል። ይኼን አናጣጥልም፤ ያለ ሕግ ስፖርት የለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ክልል ከክልል ሲጋጠም የሚያለቅስ ማነው? ክልል ሰፈር የለውም። በቱታና በአበል የተሰበሰበ ቡድን ዋንጫውን አንሥቶ ሲበተን ማንም በሩ ላይ ቆሞ አይጠብቀውም። የጎረቤት ልጅ ግን በጎረቤት ሰፈር ሲሸነፍ እናቱ ሳትቀር እራቷን አትበላም። ቡድን ማለት ያቺ ያልተበላች እራት ናት።

ካናዳን ካነሣን አይቀር በደንብ እናንሣት። እዚያም ሆኪ መጀመሪያ የኩሬ ጨዋታ ነበር። ቁጥሩ ያልተወሰነ ሕዝብ በረዶ በጋገረው ኩሬ ላይ ዱላ ይዞ ይተራመስ ነበር፤ ልክ እንደኛ ገና። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1875 ሞንትሪያል ውስጥ፣ ጣሪያ ባለው አዳራሽ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ተጫወቱ። ኳሱን ትተው ጠፍጣፋ እንጨት ያዙ፤ ኳሱ እየነጠረ ተመልካቹን ይፈነክታል ተብሎ ነው። ከዚያ በ34 ዓመት፣ በ1909፣ «ካናዲያንስ» የሚባለው የሞንትሪያል ቡድን ተመሠረተ። ዛሬ የሚጫወትበት ታላቁ ሊግ ራሱ የተወለደው ከቡድኑ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ነው። ልብ በሉ፦ ቡድኑ ይቀድማል፤ ሊጉ ይከተላል። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ ፌዴሬሽን፣ ቀጥሎ አርማ፣ ቀጥሎ ዓውደ ጥናት፣ ቡድኑ በጀት ሲለቀቅ።

ካናዲያንስ ስታንሊ ካፕን 24 ጊዜ አንሥቷል፤ የቡድኑን ባህል የሠራው ግን ዋንጫ ብቻ አይደለም። ሞንትሪያል ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚናገረው ብዙኃን ሠራተኛ፣ እንግሊዝኛ የሚናገረው ጥቂት አለቃ የሆነበት ዘመን ነበር። የሠራተኛው ልጅ ሞሪስ ሪሻር በ1944/45 የውድድር ዘመን በ50 ጨዋታ 50 ጎል አገባ። መጋቢት 1955 ላይ ቦስተን ውስጥ ተጣልቶ የመስመር ዳኛ መታ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ክላረንስ ካምቤል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው፣ ቀሪውን የውድድር ዘመን በሙሉ አገዱት። ከጠቡ ከአራት ቀን በኋላ ካምቤል ሜዳው ድረስ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ (ድፍረት ይሉታል፤ እኛ ሌላ ስም አለን)። ቲማቲም ዘነበባቸው፣ አስለቃሽ ጭስ ፈነዳ፣ ጨዋታው ተቋረጠ፣ ሕዝቡ ሴንት ካትሪን ጎዳና ላይ ወጥቶ የሱቅ መስታወት ሰባበረ። በማግሥቱ ሪሻር ራሱ በሬዲዮ ቀርቦ ሕዝቡን እንዲረጋጋ ለመነ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከዚያም እስከ 1960 ድረስ አምስት ዓመት አከታትሎ ወሰደ። መስታወት ስበሩ እያልን አይደለም፤ ይህችን አገር እናውቃታለን። ነገር ግን ያ ሕዝብ «ቅርሳችን ይጠበቅ» ብሎ አልወጣም። የራሱ ልጅ ተነካበትና ወጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲወለድ ስለ እግር ኳስ ልማት የተጻፈ ሰነድ አልነበረም፤ የነበሩት የሰፈር ልጆች ናቸው።

«ገንዘቡስ?» የሚለን አይጠፋም። አየርላንድን ይመልከት። ሀርሊንግ የሚባለው ጨዋታቸው በዱላ ቅርጽም በትርምስም የገና የሩቅ ዘመድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1884 ማኅበር መሥርተው ቡድኖቹን በየአጥቢያው ተከሉት። ተጫዋቾቹ እስከ ዛሬ ደመወዝ የላቸውም፤ መምህሩም ገበሬውም ሥራውን ውሎ ማታ ይለማመዳል። ደብሊን ያለው ስታዲየማቸው ክሮክ ፓርክ ግን 82,300 ሰው ይይዛል። ገንዘብ ሕዝብ ወዳለበት ይመጣል። እኛ አገር ደግሞ ተቃራኒውን አይተናል፤ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ የሚከፈለው፣ ትሪቡኑ ግን ባዶ የሆነ የእግር ኳስ ክለብ። በጀቱ የዘገየ ለታ ክለቡ አብሮ ይታመማል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሮቤና ጎባ በአሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የተራራቁ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ በሚኒባስ አንድ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ የዞኑ መቀመጫ አሁን ሮቤ ነው። ይህችን ዐረፍተ ነገር ጎባ ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቧትና የሚሆነውን እዩ! ጎባ «እኛ ከተማ ሳለን እናንተ ስንዴ ነበራችሁ» ትላለች። ሮቤ «ስንዴውም አለ፣ ከተማውም መጣ» ትላለች። ሮቤ ዩኒቨርሲቲውን ስታነሣ ጎባ ሆስፒታሉን ታነሣለች። ከዚህ የበለጠ ለቡድን የተመቸ አፈር ወዴት ይገኛል? ሞንትሪያልና ቶሮንቶ ከመቶ ዓመት በላይ የሚናከሱት በዚሁ ዓይነት ጉዳይ አይደለም እንዴ?

ወቅቱም ይገጥማል። ታኅሣሥ መጨረሻ የቦናው ስንዴ በኮምባይነር ታጭዶ ሜዳው ገለባ ብቻ ይሆናል። (ባሌ ውስጥ «ጋና» ስትሉ ገበሬው የመጋቢቱን የዝናብ ወቅት ነው የሚያስበው። ስለዚህ «የገና ቡድን» ስንል «ለዘር ነው ወይስ ለአጨዳ?» ተብለን ተጠይቀናል።)

ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንሸሻቸውም። የመጀመሪያው ሃይማኖት ነው። ባሌ የድሬ ሼክ ሁሴን አገር ናት፤ አብሮን ከተማረው ግማሽ የሚበልጠው ሙስሊም ነው። ገና የክርስቲያን በዓል ጨዋታ ሆኖ ከቀጠለ የሮቤ ቡድን የሮቤ ግማሽ እንኳ አይሆንም። ክለብ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው። በዓሉ ለባለ በዓሉ ይቆይ፤ ጨዋታው ግን ከጥር እስከ የካቲት በየሳምንቱ እሑድ ይካሄድ። ስሙን ቂሌ ያለ ቂሌ ይበለው። ሩሯ የማንንም ሃይማኖት አትጠይቅም፤ ቁርጭምጭሚት ታገኛለች፣ ትመታለች።

ሁለተኛው እኛ ራሳችን ነን፤ ሴቶቹ። ገና የወንድ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። ልጅ ሆነን ሜዳው ዳር ጃኬት ይዘን ቆመናል፤ የእነሱን ጃኬት። ሩሯ አንድ ጊዜ ወደኛ መጣችና ከእኛ አንዷ በእግሯ መለሰቻት፤ ጨዋታው ሁሉ ቆሞ ተሳቀባት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዛሬ ይህን ከሚጽፉት አንዷ ናትና «ባህሉ አይፈቅድም» የሚለውን መልስ እንዳትሞክሩት። ባህሉ ጌታን መውረፍ ፈቅዷል፤ ዱላ መያዝ እንዴት ይከለክላል?

ባለፈው ሳምንት ጎባ የሚኖሩ አንድ አናጢ ዘንድ ሄደን ነበር። ሃያ ዱላና አራት ሩር ስንል መጋዛቸውን አስቀመጡ።

«ለትርኢት ነው?» አሉን።

«አይደለም ጋሼ፣ ለመጫወት ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ሮቤ ከጎባ።»

ዝም ብለው አዩን። ከዚያ ዋጋውን ሳይነግሩን በፊት የየትኛው ከተማ ልጆች እንደሆንን ጠየቁ። እውነቱን ነገርናቸው። ለሮቤ አሥሩን ዱላ እንደሚሠሩልን፣ የጎባዎቹን አሥር ግን በነፃ እንደሚሠሩ፣ እንጨቱንም አስቀድመው ለጎባ እንደሚመርጡ በግልጽ አሳወቁን።

ጎባዎች ሆይ፣ ዳኛውን ከሌላ ወረዳ እናምጣ።