ግብር ሰብሳቢው ፋርማሲስት

በዲፓርትመንታችን ስለ ታክስ አስተዳደር ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ብሎ ወደ ቁጥር ይሄዳል። የገቢ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጎበዝ ነው የሚባለው ዕቅዱን መቶ በመቶ ሲያሳካ ነው ይባላል። እኔ በዚህ መለኪያ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ በደቡብ አፍሪካዊው በፕራቪን ጎርድሃን የሥራ ዘመን ላስረዳ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው የተማሩት ፋርማሲ እንጂ አካውንቲንግ አይደለም (እኛን ትንሽ ቅር ሊለን ይችላል)። በአፓርታይድ ዘመን በትግሉ ምክንያት ታስረዋል። ከ1994ቱ ምርጫ በኋላ የፓርላማ አባል ሆኑ፤ በ1998 የአገሪቱ የገቢዎች አገልግሎት ምክትል፣ በ1999 ደግሞ ዋና ኮሚሽነር ሆነው እስከ 2009 ሠሩ።

የጠበቃቸው ሥራ ቀላል አልነበረም። ጥቁሮች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች የቤት ኪራይና የአገልግሎት ክፍያ አለመክፈል ለዓመታት የትግል ስልት ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ያለውን ሕዝብ “አሁን መንግሥቱ ያንተ ነው፣ ክፈል” ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ጎርድሃን ረጅሙን የግብር ማስታወቂያ ቅጽ አሳጠሩ፣ በኢንተርኔት ማስታወቅን አስፋፉ፣ የትላልቅ ኩባንያዎችን ሒሳብ የሚከታተል የባለሙያዎች ማዕከል አቋቋሙ። በ1994 ወደ 1.7 ሚሊዮን የነበሩት የተመዘገቡ ግለሰብ ግብር ከፋዮች በእሳቸው ዘመን መጨረሻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የኩባንያዎች የትርፍ ግብር ምጣኔ በ1999 ከነበረበት 30 በመቶ በ2008 ወደ 28 ወረደ፤ ገቢው ግን አደገ። እርግጥ ኢኮኖሚውም በነዚያ ዓመታት ደህና ነበር። ቢሆንም ሰው ማጭበርበር እንደማያዋጣ ሲያውቅና ቅጹን መሙላት ሲቀለው ይከፍላል።

ከዚያስ? በ2014 ፕሬዚዳንት ዙማ ቶም ሞያኔን ኮሚሽነር አድርገው ሾሙ። ቤይን የተባለ አማካሪ ድርጅት ገብቶ መዋቅሩ ተበወዘ፣ የትላልቅ ኩባንያዎች ማዕከሉ ተበተነ፣ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ለቀቁ። ጎርድሃን ራሳቸው በ2016 ተከሰው ነበር፤ ክሱ ግን ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በወሩ ተነሳ። በ2018 ጉዳዩን ያጣራው በዳኛ ኑጀንት የሚመራው ኮሚሽን መሥሪያ ቤቱ ከባድ የአስተዳደርና የሥነ ምግባር ውድቀት ደርሶበታል አለ። በዚያው ዓመት አገሪቱ ገቢዋ ስለጎደለ (ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም) ከ1993 ጀምሮ 14 በመቶ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ወደ 15 አሳደገች። ሂሳቡን የከፈለው እንግዲህ ሳሙና ገዢው ድሀ ነው።

“ይሄ ፖለቲካ ነው፣ ከኛ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?” የሚል ጓደኛ አይጠፋም። በኔ በኩል እንዲያውም ዋናው ትምህርት እሱ ነው። ሕጉ ኮሚሽነሩን የመሾም ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ሰጥቶ ነበር። የአሥር ዓመት ግንባታ በአንድ የሹመት ደብዳቤ ሊናድ የቻለው በዚህ ነው። ጎርድሃንንም መልአክ ላደርጋቸው አልፈልግም። ከ2018 እስከ 2024 የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ የመብራት መጥፋቱ ባሰ፤ በዚህ ብዙ ተወቅሰዋል። በገቢዎች አገልግሎቱም ቢሆን ጥሩ ባለሙያ ሰብስበዋል፤ እነዚያን ባለሙያዎች ከቀጣዩ ሹም የሚጠብቅ አጥር ግን አልነበረም። ያኔ ዕቅዱ ሲሳካ ይህን ክፍተት ማን ይጠይቅ ነበር?

በ2019 የተሾሙት ኤድዋርድ ኪስዌተር የተመረጡት ዕጩዎችን አወዳድሮ ለፕሬዚዳንቱ ሐሳብ ባቀረበ ቡድን በኩል ነው። ጎርድሃን በመስከረም 2024 ከማረፋቸው በፊት ይህን አይተዋል።

የታክስ ኮርሳችን የምጣኔ ስሌት በደንብ ያስተምረናል። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱ ከሴሚስተሩ አንዱ ሳምንት የገቢ መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንዴት እንደሚሾምና በምን ምክንያት እንደሚነሳ ለመወያየት ቢመደብ ደስ ይለኛል። አብዛኞቻችን ተመርቀን የምናመለክተው እዚያው ገቢዎች ነው።