ከሞተር የሚባክነው ሙቀትና የካፋ ቡና

ባሕረኞች የሞተርን ሙቀት በከንቱ አይጥሉትም። በትልልቅ የንግድ መርከቦች ላይ ከዋናው ሞተር የሚወጣው ትኩስ ጭስ ወደ ሰማይ ከመሄዱ በፊት በእንፋሎት ማፍያ ጋን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። እንፋሎቱም የረጋውን ወፍራም ነዳጅ ያቀልጣል፤ የመርከበኞቹንም መኝታ ያሞቃል። ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚመለሰው ትኩስ ውሃ ደግሞ የባሕርን ውሃ አትንኖ ጨዉን በመለየት ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ያስገኛል። በትናንሽ ጀልባዎችም ቢሆን የሞተሩ ውሃ በቱቦ ወደ ክፍሉ ገብቶ ተሳፋሪውን ከብርድ ያድናል። የዚህ ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በባሕር መካከል የሚቆረጥ ዛፍ የለም፤ ያለው ነዳጅ ከወደብ የተጫነው ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ለየብስ ነጋዴም እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ከቦንጋ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ቡና ጭኖ በሌሊት የሚጓዝ የጭነት መኪና ሹፌር ከብርድ የሚጠለለው ሞተሩን ባቀዘቀዘው ትኩስ ውሃ ነው። ለዚህም ተጨማሪ ናፍጣ አያቃጥልም። በቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሚሠራው የናፍጣ ሞተር ግን በተለመደው አሠራሩ ሙቀቱን በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ወደ አየር ይለቃል፤ ከሞተሩ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ ደግሞ በአልጋ ላይ ያለው ቡና በላስቲክ ተሸፍኖ ፀሐይ ይጠብቃል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የካፋ አገር ደንና ዝናብ የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው። ቡናው በደኑ ጥላ ሥር የሚበቅለውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ቡናውን የሚያሳድገው ርጥበት ከተለቀመ በኋላ ጠላቱ ይሆናል። ለቀማው በሚጀመርበት ወራት ዝናቡ ገና ፈጽሞ አልወጣም፤ ሌሊቱም ጉም የሚበዛበት ነው። ሊደርቅ ጥቂት የቀረው ቡና በእንዲህ ያለው ሌሊት ርጥበት መልሶ ይስባል፤ በቶሎ ካልደረቀም ይሻግታል። የሻገተ ቡና በቅምሻ ይታወቃል፤ የደረጃው መውረድም በዋጋው ላይ ይታያል።

ገበያውም በዚህ ረገድ ቸልታ የለውም። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ፣ ርጥበቱ ከመቶ 8 እጅ ያነሰ ወይም ከመቶ 12.5 እጅ የበለጠ ቡና ወደ ውጭ አገር እንዳይላክ አባል አገሮችን አሳስቧል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በተቆላ ቡና ውስጥ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባለው የሻጋታ መርዝ በ1 ኪሎ ግራም ከ3 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። እንግዲህ ርጥብ ቡና የሚያቀርብ ሰው በሚዛን ላይ ውሃ የሸጠ ቢመስለውም፣ ኋላ በደረጃና በስም የሚከፍለው ይበልጣል።

አሁን ሒሳቡን መመልከት ይገባል። 1 ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው። ከዚህ ውስጥ መፈልፈያውን ወይም የውሃ መሳቢያውን የሚያዞረው ከሢሶው እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው ከጭሱና ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋር ይሄዳል። ከሚባክነው ግማሹ ቢያዝ፣ ከተያዘውም ግማሹ በማድረቂያው ውስጥ ቢጠፋ እንኳ፣ በቀረው ሙቀት ከቡና ላይ 2 ኪሎ ያህል ውሃ ማትነን ይቻላል።

ይህ መጠን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱንም መሸሸግ አይገባም። ታጥቦ ገና የወጣ፣ ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ 1 ኩንታል ቡና ከመቶ 12 እጅ ርጥበት ላይ እስኪደርስ ድረስ 43 ኪሎ ያህል ውሃ መልቀቅ አለበት። ይህን ሁሉ በሞተር ሙቀት ለማድረቅ የሚያስብ ሰው ከ20 ሊትር የሚበልጥ ናፍጣ ያስፈልገዋል፤ ይህም የሚያዋጣ አይደለም። ስለዚህ አልጋውና ፀሐዩ በሥራቸው ይቀጥላሉ። ነገር ግን በአልጋ ላይ ሰንብቶ ከመቶ 15 እጅ ላይ የደረሰ 1 ኩንታል ቡና ወደ 12 ለመውረድ የሚለቀው 3.4 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ፈረሱላ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ለዚህ የ2 ሊትር ናፍጣ ብክነት ይበቃል፤ ያውም ለሌላ ሥራ የተቃጠለና ዋጋው አስቀድሞ የተከፈለ ናፍጣ። ለምሳሌ አንድ ሞተር በአንድ ምሽት 30 ሊትር ቢያቃጥል፣ ከእርሱ የሚገኘው ሙቀት 17 ኩንታል የሚሆን ቡና የመጨረሻውን ደረጃ ሊያሻግር ይችላል። እሸት ከገበሬው ተረክቦ መፈልፈል የሚዘወተረው ከቀትር በኋላና በምሽት ስለሆነ፣ ሙቀቱ የሚገኘው ፀሐይ በሌለበትና ርጥበቱ በሚያስፈራበት ሰዓት ነው።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሞተሩ ጭስ በምንም መንገድ ቡናውን መንካት የለበትም፤ ቡና የናፍጣ ሽታ በቀላሉ ይስባል፤ ሽታውም አይለቅም። ስለዚህ በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ የሚሞቀውን ንጹሕ አየር በቆርቆሮ ቦይና በማራገቢያ ወደ ማድረቂያው ክፍል መውሰድ ከሁሉ የቀለለው ዘዴ ነው። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ግን ከቶ መታፈን የለበትም፤ ሞተሩን አግሎ ያቃጠለ ሰው ከቆጠበው ይልቅ ያጠፋው ይበልጣል። ከነስሱ ቅርፊቱ ያለ የታጠበ ቡናም ከ40 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ አይገባውም፤ ከዚያ ካለፈ ጣዕሙ ይጎዳል። ጭስ ማውጫውም ሰዎች ከሚውሉበትና ከሚያድሩበት ሥፍራ መራቅ አለበት፤ በዝግ ቤት የሚገባ የሞተር ጭስ ይገድላልና።

እንጨት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእርግጥ በእንጨት የሚሠራ ማድረቂያ ለጊዜው ይቀላል። ነገር ግን የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበው ለዱር ቡና መኖሪያ በመሆኑም ጭምር ነው። ቡናውን ለማድረቅ የቡናውን ጥላ መቁረጥ ዋናውን ገንዘብ በልቶ በወለድ ለመኖር እንደ ማሰብ ነው። ናፍጣውም ቢሆን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህም ዋጋው ለማንም የተሰወረ አይደለም። የኤሌክትሪክ መሥመር የደረሰበትና የማይቋረጥበት ጣቢያ ሞተሩን ቢተው የተሻለ ነው፤ ሞተሩ መሥራቱ ግድ በሆነበት ሥፍራ ግን ሙቀቱን መጣል ምክንያት የለውም።

ነገሩ ከቃል አልፎ በሚዛን እንዲፈተን ያስፈልጋል። ሞተር አስመጪዎች ሞተሩን ሲያስመጡ ማራገቢያውንና ቴርሞሜትሩን አብረው ቢያስመጡ፣ ላኪዎችም ከቡና አቅራቢዎች ጋር ተስማምተው በቦንጋ አካባቢ በአንድ ጣቢያ ለአንድ የለቀማ ወራት ሙከራ ቢያደርጉ፣ ወጪው በጥቂት ሰዎች ላይ የከበደ አይሆንም። ቡናው ሲገባና ሲወጣ ክብደቱና ርጥበቱ ይመዝገብ፤ የተቃጠለው ናፍጣም በሊትር ይቆጠር፤ ቅምሻውም በአልጋ ብቻ ከደረቀው ጋር ይወዳደር። ትርፍ ከታየ ጎረቤት ጣቢያዎች ሳይለመኑ ይከተላሉ፤ ካልታየም የጠፋው የጥቂት ቆርቆሮ ዋጋ ብቻ ይሆናል።

በከተማ ሱቁ ጄኔራተር ያቆመ ነጋዴም ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ለነዳጅ የተከፈለው ገንዘብ ለብርሃኑ ብቻ የተከፈለ አይደለም፤ ለሙቀቱም ጭምር ነው። በገንዘብ የተገዛን ዕቃ ግማሹን በመንገድ ጥሎ የሚሄድ ነጋዴ እንደሌለ ሁሉ፣ የተገዛን ሙቀትም ሳይጠቀሙበት መጣል ከንግድ ሥርዓት ውጭ ነው።